ሦስት ግድግዳ ያለው ቤት

ዛሬ ጠዋት በባዶ ሆዴ የጎረቤቴ ቤት እንዲፈርስ መሰከርኩ። አስቤበት ቢሆን ክፋት ይባል ነበር። ሳላስብ ስለሆነ ስሙ ጅልነት ነው፤ በሰባ አራት ዓመት ደግሞ ክፉ ከመባል ጅል መባል ያሳፍራል።

ነገሩ የመጣው በድልድይ ነው። ከከተማችን ሥር ባለው ወንዝ ላይ አዲስ ድልድይ ሊሠራ ነውና ወደ እሱ የሚያወርድ የመኪና መንገድ ያስፈልጋል ተባለ። ከተማ ያልኩት እኛ እንደዚያ ስለምንላት ነው። ከመካነ ሰላም የሚመጣው የሚኒባስ ረዳት «መንደሯ ጋ ወራጅ አለ?» እያለ ነው የሚጠይቀው፤ እኛም እያኮረፍን እንወርዳለን። እንግዲህ መንገዱ እንዲያልፍ፣ ወንዝ ዳር ካሉት አሮጌ ቤቶች ግድግዳ ለግድግዳ ከተጣበቁት ከሁለቱ አንዱ መነሣት አለበት። ወይ የእኔ ሳሎን፣ ወይ የጎረቤቴ ቤት። ሳሎኔ ቢፈርስ እኔ ከጓሮ ያለችው ክፍል ትቀርልኛለች። እሳቸው ግን ያቺው አንዲት ቤት ናት ያለቻቸው። ተወልደው ያረጁባት ናት፤ ከፈረሰች ኩታበር ልጃቸው ጋ መጠጋት ነው። «ልጄን እወዳታለሁ፣ ከሩቅ» ይላሉ ሁልጊዜ።

የወጣው መመሪያ ቀላል ነው። ከሁለቱ የቆየው ቅርስ ስለሆነ ይቀራል፣ የኋለኛው ይነሣል። የቱ እንደቆየ የሚያውቅ ሰው ሲፈለግ ሁሉም ጣቱን ወደ እኔ ቀሰረ። አርባ ዓመት ታሪክ አስተምሬያለሁ፤ በዚህች ከተማ ውስጥ የተሳሳተ ታሪክ የሚያወራ ሰው ካለ ከእኔ ክፍል የወጣ ነው።

መሐንዲሷ ከደሴ የመጣች፣ ሠላሳዎቹን ያጋመሰች ሴት ናት። በአንድ እጇ ታብሌት፣ በሌላው የቀይ ቀለም ቆርቆሮ ይዛለች።

«ጋሼ፣ የዚህን ሰፈር ታሪክ የሚያውቁት እርስዎ ብቻ ነዎት አሉኝ» አለች።

እንዲህ የተባለ ጡረተኛ አፉን መዝጋት አይችልም። አንዲት ጥያቄ ልትጠይቀኝ የመጣችውን ሴት የሰፈራችንን መንገድ ከዳር እስከ ዳር አስኬድኳት።

ይህችን መንገድ ያወጣቻት በቅሎ ናት። ከከላላ ገበያ የሚመለሱ ነጋዴዎች ከብቶቻቸውን ውኃ የሚያጠጡት እዚህ ነበር፤ ጭነት ያለባት በቅሎ ደግሞ ቁልቁለት ቀጥ ብላ አትወርድም፣ ጎን ለጎን እየለካች ነው የምትወርደው። ነጋዴው ጭነቱን የሚያሳድርበት ቤት ሲያስፈልገው በቅሎዋ በሄደችበት ዳር ሠራ። መንገዷ እስከ ዛሬ የተጠማዘዘችው ለዚህ ነው። በየስብሰባው «የአባቶቻችን የከተማ ፕላን» ሲባል እሰማለሁ። ፕላኑ የበቅሎዋ ነው፤ ከእሷ በኋላ ከመጡት ባለሙያዎች ሁሉ የተሻለ የሠራችውም እሷ ናት። በእሷ ጥምዝ ላይ ያሉት ቤቶች ጎርፍ ገብቶባቸው አያውቅም። በገመድ ተለክቶ ቀጥ ያለው አዲሱ ሰፈር ግን ክረምት በመጣ ቁጥር ፍራሽ ሲያሰጣ ይውላል።

አሮጌዎቹ ቤቶች ከወንዙ በወጣ ድንጋይና በጭቃ የተገነቡ ናቸው። ግድግዳቸው ክንድ ሙሉ ይወፍራል። ታችኛው ክፍል ለበቅሎና ለጭነት፣ ላይኛው ከጥድ ጠርብ የተሠራ ደርብ ለሰው። ከእነሱ ቀጥሎ የባሕር ዛፍ ዘመን መጣ፤ እንጨቱ ተተክሎ፣ ጭቃ ተለጥፎበት፣ ቆርቆሮ ተደፋበትና ቤት ተባለ። አሁን የሰማያዊ መስተዋት ዘመን ላይ ነን። ከመንገዷ ራስ ላይ አንድ ባለሀብት ያቆመው ባለ ሦስት ፎቅ አለ፤ ፊቱ ከላይ እስከ ታች መስተዋት ነው። መስተዋቱ የሚያሳየው ፊት ለፊቱ ያለውን የኩበት ክምር ነው፤ ስለዚህ ከተማችን ባለ ሁለት ኩበት ክምር ሆናለች። የፎቁ ጀርባ ግን ሳይለሰን ብሎኬቱ አፍጥጦ ቀርቷል። በዚያ በኩል የሚያየው ወንዙ ነው፤ ወንዝ ደግሞ በምርጫ ድምፅ አይሰጥም። ወንዙም ቢሆን የድሮው አይደለም፤ በጋ ላይ ከውኃው የውኃ ጠርሙሱ ይበዛል።

«እዚህ ጋ ደግሞ» አልኳት በአጥር የተከበበ አንድ ድንጋይ እያሳየሁ፣ «ወደ መቅደላ አምባ የሚሄድ ሠራዊት አርፎ ውኃ ጠጥቷል።»

«የት ተጽፏል ጋሼ?»

«ይጻፋል» አልኳት።

የዚያን ድንጋይ ታሪክ የፈጠርኩት እኔ ነኝ። ከምሳ በኋላ የሚያንቀላፉ ተማሪዎችን ለመቀስቀስ ያመጣሁት ወሬ ነበር። ተማሪዎቹ አድገው ሹም ሲሆኑ ለድንጋዩ አጥር አሠሩለት፤ አሁን ሙሽሮች ፎቶ ይነሡበታል። ከአርባ ዓመት ማስተማሬ ፍሬ ያፈራው ያ ድንጋይ ብቻ ነው።

ሁለቱ ቤቶች ጋ ስንደርስ ጎረቤቴ አልነበሩም፤ ወፍጮ ቤት ሄደዋል።

«የቱ ነው የቆየው?» አለች መሐንዲሷ የቀለሙን ቆርቆሮ እየከፈተች።

እዚህ ላይ ነበር ማሰብ የነበረብኝ። ግን ዕድሜዬን ሙሉ «በዚህች መንገድ የመጀመሪያውን የድንጋይ ቤት የሠራው አባቴ ነው» ስል ኖሬያለሁ። መጀመሪያ ሚስት ስጠይቅ ለአማቶቼ ተናገርኩት። ቀጥሎ ለተማሪ ነገርኩት። በመጨረሻ ከሌላ ሰው አፍ ሰማሁትና እኔም አመንኩ።

«ይሄ ምን ጥያቄ አለው? የእኔው ነው» አልኩ። «ያችኛዋ ኋላ መጥታ የተለጠፈች ናት።»

«እርግጠኛ ነዎት?»

«ልጄ፣ የታሪክ ሰው ነኝ እኮ።»

የጎረቤቴ ግድግዳ ላይ ቀይ ኤክስ ተቀባ። ዘጠኝ ሰዓት ላይ ለኮሚቴው አቀርባለሁ ብላ መሐንዲሷ ወደ ሥራዋ፣ እኔ ወደ ቁርሴ ሄድን። ቁርሱ ጣፍጦኝ እንደነበር አልደብቅም።

ጎረቤቴ ዱቄታቸውን ተሸክመው ተመለሱ። ሰማንያ አልፏቸዋል፤ በዚህ ዓለም ላይ እኔን «ልጅ» የሚለኝ እሳቸው ብቻ ቀርተዋል።

«አንተ ልጅ» አሉ በሬ ላይ ቆመው። «ቤቴን የቀባው ማነው?»

«መንግሥት ነው እትዬ።»

«መንግሥት ከደሴ መጥቶ የቤቴን ዕድሜ በምን አወቀው?»

የቁርሴን ሰሃን ማንሣት ጀመርኩ። እኔ በገዛ እጄ ሰሃን ሳነሣ ምን ማለት እንደሆነ ደግሞ ያውቃሉ።

«ገባኝ» አሉ። ዱቄቱን አወረዱ። «ይሁን እሺ። አንድ ነገር ብቻ ንገረኝ። ስሄድ ግድግዳውን ይዤው ልሂድ ወይስ ልተውልህ?»

«የቱን ግድግዳ?»

«ያ ረቢ። አንተ ያስተማርከውን ልጅ አላህ ይሁነው። ግባና ቁምሳጥንህን አንሣው።»

ቁምሳጥኑ ከሠርጌ ሳምንት ጀምሮ ከቦታው ንቅንቅ ብሎ አያውቅም። ገፋሁት፤ የተንቀሳቀሰው ወገቤ ነው። ጎረቤቴ ጥቂት ካዩኝ በኋላ ነጠላቸውን ወገባቸው ላይ አስረው ገቡና በትከሻቸው ገፉት። እኔ አገዝኳቸው ብል ማጋነን ነው።

ከቁምሳጥኑ ጀርባ ምርጊቱ ረግፏል። ከረገፈው ሥር የጥድ መቃን ወጥቷል፤ በመቃኑ ውስጥ ድንጋይና ጭቃ ተጠቅጥቋል። መስኮት ነው። የመስኮቱ ደፍ ወደ እኔ ሳሎን ያዘነብላል፣ ዝናብ ወደ ውጭ እንዲያወርድ። ለአንድ የታሪክ አስተማሪ እንኳ ይህን ለመረዳት ብዙ አይከብድም፤ ያ ግድግዳ ሲሠራ የእኔ ሳሎን ደጅ ነበር። ቀና ብዬ ወደ ጣራው አየሁ። የጣራዬ እንጨቶች ጫፍ በጎረቤቴ ድንጋይ ውስጥ ተሰክቷል። ቤቴ ሦስት ግድግዳ ብቻ ነው ያለው። አራተኛው የእሳቸው ነው፤ እኔ ደግሞ ዛሬ ጠዋት ይፍረስ ብዬ መሰከርኩበት።

«ወንዙን የማየው በዚህ ነበር» አሉ መቃኑን በእጃቸው እየዳበሱ። «አንተ ሳትወለድ ነው አባትህ የደፈነው። አልቅሼ ነበር። አባቴን ደጅ ጠንቶ አስጠጋኝ ብሎ ለመነው። ያኔ ያስጠጋ ሰው ግድግዳውን አይሸጥም። የተጠጋው ሰው በየዓመቱ ክረምት ሲወጣ ያስጠጋውን ሰው ግድግዳ ይመርጋል፤ ቃሉ ይኸው ነው። አባትህ እስኪሞት አንድ ዓመት አላጎደለም።»

«እኔስ?»

«አንተማ ታሪክ ታስተምር ነበር።»

ልጅ ሆኜ አባቴ መስከረም ላይ ሱሪውን ሰብስቦ ጭቃ ሲረግጥ ትዝ አለኝ። ጭዱን እየነሰነሰ የሰው ግድግዳ ሲመርግ አፍሬበት ነበር። ድሀ ስለሆነ ለሰው የሚሠራ ነበር የመሰለኝ።

መጀመሪያ የመጣልኝ ሐሳብ ቁምሳጥኑን መመለስ ነው። አልዋሽም። ሁለተኛው፣ ግድግዳው ብቻ ይተውልኝ ብዬ መሐንዲሷን መለመን ነው። ጎረቤቴ ሁለቱንም ሐሳብ ከፊቴ ላይ አነበቡት መሰለኝ።

«ልብሴን ልጠቅልል ወይስ ሄደህ አፍህ የበተነውን ትሰበስባለህ?» አሉ።

ሄድኩ። ኮሚቴው አምስት ሰው ነው፤ አራቱ ተማሪዎቼ ናቸው፣ አምስተኛው የወደቀ ተማሪዬ ነው፤ ሰብሳቢው እሱ ነው።

«ተሳስቻለሁ» አልኩ። «የቆየው የእሳቸው ነው። የእኔ ነው ኋላ የተለጠፈው።»

«መምህር፣ አልተሰማም» አለ ሰብሳቢው።

«ተሳስቻለሁ።»

«ቃለ ጉባኤ ያዥ፣ ይኼ በደንብ ይጻፍ» አለ። «አንድ ጥያቄ ተሳስተህ ነው ብሎ ያስደገመኝ ሰው ነው።»

ሳቁብኝ። መብታቸው ነው። መሐንዲሷ ግን አልሳቀችም፤ ተነሥታ እስከ ሳሎኔ መጣች፤ መስኮቱን ለካች፤ የደፉን ማዘንበል በመዳፏ አየች። ከእኔ አርባ ዓመት ንግግር ይልቅ አንዲት የተደፈነች መስኮት አመነች፤ ሥራዋን ታውቃለች።

«ድንጋዩስ ጋሼ?» አለች ስትወጣ። «ሠራዊቱ የጠጣበት?»

«ድንጋይ ነው» አልኳት።

የጎረቤቴን ኤክስ በቀለም ማስለቀቂያ ፈተገችው፤ ሮዝ ሆኖ ቀረ እንጂ አልጠፋም። የእኔው ግን ደማቅ ነው፤ በአዲስ ቀለም፣ ሁለት ጊዜ ተደራርቦ። ሳሎኔ ከመስቀል በኋላ ይፈርሳል። ከጓሮ ያለችው ክፍል ለአንድ ሽማግሌና ለአንድ አልጋ ትበቃለች፤ ቁምሳጥኑ ግን አይገባም። መንገዱ ሲያልፍ የተደፈነው መስኮት ይከፈትና ጎረቤቴ ወንዙን ያያሉ። የመኪና አቧራም ያያሉ፤ ነግሬያቸዋለሁ። «አቧራውን እኔ እዘጋዋለሁ፣ በመዝጊያ» አሉኝ።

ማምሻውን በሬ ላይ ተቀምጬ ሳለ መጥተው አጠገቤ ቆሙ።

«አባትህ ከሞተ ስንት ዓመት ሆነው?»

«ሠላሳ አንድ።»

«ሠላሳ አንድ ምርጊት ማለት ነው። ይቅር፣ አርጅተሃል። አንዱን ክፈለኝ። ሳሎንህ ሲነሣ ይሄ ግድግዳ ራቁቱን ይቀራል።»

«የቀን ሠራተኛ አመጣለሁ እትዬ።»

«ሠራተኛ አይደለም የተጠጋኝ። በራስህ እግር ትረግጠዋለህ።»

እኔ ታሪክ እንጂ ጭቃ ረግጬ አላውቅም። ጉልበቴ ከገባበት ጭቃ ተመልሶ ይወጣ እንደሆነም እጠራጠራለሁ። እሳቸው ግን ጭዱን ከወዲሁ አንድ ጆንያ ሙሉ ከደጄ አስቀምጠውልኛል። የአንድ ዓመት ምርጊት አለብኝ።