ለሁለት የተቆረጡ እርሳሶች

እኔንና ወንድሜን ባሳደገችን አክስቴ ቤት፣ እዚህ አሜሪካ ኮሎምበስ ከተማ ሂልቶፕ ሰፈር፣ ነገር መደበቅ ክልክል ነበር። ክፉም ይሁን ደግ፣ «አሁኑኑ ንገሪኝ፣ እችለዋለሁ» ትለኝ ነበር።

በፈረንጆቹ 2021 ሰመር ከቤተክርስቲያናችን ወጣቶች ጋር አንድ ሩቅ ደሴት ላይ ሕፃናት ላስተምር ስነሳ፣ ለልጆቹ የምወስዳቸውን እርሳሶች በቢላ ለሁለት እየቆረጠች ቀርጻ ሰጠችኝ። «አንዱ ለሁለት ልጅ ይበቃል» አለች።

ከደሴቱ ኮል አድርጌ አክስቴን አገናኘኝ ስለው ወንድሜ በየቀኑ «ተኝታለች» ይለኛል፤ አምነዋለሁ። የተመለስኩት በሌሊት ነበር፤ ተኝታለች ብዬ አልቀሰቀስኳትም። በማግስቱ ጎህ ሲቀድ ሽማግሌዎች መጥተው ሞቷን አረዱኝ። ከተቀበረች ዘጠኝ ቀን ሆኗት ነበር። በተቀበረችበት ቀን እኔ ከልጆቹ ጋር እያጨበጨብኩ እዘምር ነበር።

«ማነው ደብቁ ያላችሁ?» አልኩት ወንድሜን።

«ራሷ ናት። ሕመሙ ሲጠናባት ‹ልጆቹን ጥላ እንዳትመጣ፤ ስትመለስ ትነግሯታላችሁ› አለችን።»

ለቀስተኛው ሁሉ ይህን እንደ ደግነቷ ያወራዋል። እኔን ግን አልዋጥልሽ ብሎኛል። እርሳስ እንኳ ለሁለት ስትከፍል የኖረች ሴት ሞቷን ከእኔ ደበቀች።

አሁንም ከሥራ ስገባ የምነግራት ነገር ይዤ በሩን እከፍታለሁ። ወንበሯ ባዶ ነው።

እኔም እችለው ነበር፣ አክስቴ። ብትነግሪኝ እችለው ነበር።