ከሦስተኛ ፎቅ ስትወርድ

ሦስተኛ ፎቅ የምትኖረው ጎረቤቴ የሆስፒታል አንሶላ አጣቢ ናት። እጇን በረኪና ልጦታል፤ ምላሷ ግን ከበረኪናው ይብሳል። ግንበኛው ባሏ ከፎቅ ግንባታ ላይ ወድቆ ከወገቡ በታች በድን ሆነ። መኝታ ያቆሰለውን ጀርባውን ለማሳጠብ ሐሙስ ሐሙስ ክሊኒክ መድረስ ነበረበት። ሐኪሙ "ከቀረ ቁስሉ አጥንት ይገባል" ብሏታል። ሊፍቱ ከተበላሸ ደግሞ ዓመታት አልፈዋል። ስለዚህ ባሏን አዝላ ትወርዳለች፤ አዝላ ትወጣለች።

እኛ የጸሎት ቡድኑ ሰዎች እሑድ እሑድ ቤቷ እየሄድን "ጌታ ሆይ፣ ሸክሟን አቅልልላት" እያልን እናለቅስ ነበር። ሰብሳቢው እኔ ነኝ። ጫማ ሰፊ ነኝ፤ የምሠራው ሁለተኛ ፎቅ፣ ደረጃው አጠገብ ባለችው ክፍሌ ነው። ጉልበትም አላነሰኝም።

አንድ እሑድ ሸኝታን ስትመለስ "ጋሼ፣ ሐሙስ እግሩን የሚይዝልኝ አንድ ሰው ባገኝ" አለችኝ።

"አይዞሽ እህቴ፣ ጌታ ከአቅም በላይ አይሰጥም" አልኳት። ምነው አፌን በቆረጠው!

ሐሙስ ጠዋት ክፍሌ በር ላይ ቆማ ቁና ቁና ስትተነፍስ ሰማኋት።

"አስቀምጪኝና ሰው ጥሪ" አላት ባሏ።

"ማንን? ዝም ብለህ አንገቴን ያዝ" አለችው። ከዚያ ድምጿን ዝቅ አድርጋ "ጌታዬ፣ እስከ ታች ብቻ ያዝልኝ" አለች።

እኔ መዶሻዬን አስቀምጬ ትንፋሼን ዋጥኩ። ቤት የለም ብላ እንድታልፍ ነው። እሷም ወረደች።

ሁለት ዓመት ሙሉ አንድ ሐሙስ አላሳለፈችም። በመጨረሻ ወገቧ እምቢ አላትና ሦስት ሳምንት ተኛች። እኛ ጾም ጸሎት ያዝንላት። ቁስሉ አጥንት ገባ፤ ሰውየው ሞተ።

የቀብሩ ዕለት ደረጃው በወንድ ተጨናነቀ። ሳጥኑን ለመሸከም ተጋፋን፤ የፊቱን ጥግ ቀድሜ የያዝኩት እኔ ነኝ። ክፍሌ በር ጋ ስንደርስ አጣቢዋ እጇን ዘረጋች።

"እዚች ጋ አውርዱት" አለች።

አወረድነው።

"ሁልጊዜ እዚህ ነበር የምናርፈው። ሦስት ነበርን፤ እኔ፣ እሱና ጌታ። ጌታ አንድም ሐሙስ አልቀረብንም። በሉ አንሱት፤ አሁን አይከብዳችሁም።"

ጎንበስ ብዬ ጥጌን ሳነሳ ወደ ጆሮዬ ጠጋ አለች።

"መዶሻዎ ቀጥ ሲል ይሰማኝ ነበር፣ ጋሼ።"