ብታመም ወደ ፌርፋክስ መልሱኝ

ኤልፍነሽ በሎስ አንጀለስ ከተማ፣ ሚድ ዊልሻየር በተባለ ሰፈር ባለ አንድ ትልቅ ፓርኪንግ መውጫ ላይ፣ በመስታወት በተከለለች ጠባብ ክፍል ተቀምጣ ሒሳብ የምትቀበል የሃያ ሁለት ዓመት ወጣት ነበረች። ለመውጣት የሚቸኩሉ ሰዎች አንዳንድ ጊዜ ፊቷን እንኳ ሳያዩ ገንዘቡን በመስኮቱ ይወረውሩላት ነበር። እርሷ ግን አታነሣውም። እጃቸውን ዘርግተው በሥርዓት እስኪሰጧት ድረስ መውጫውን ሳትከፍት ዝም ብላ ትጠብቃለች። አለቃዋ ደጋግሞ ቢያስጠነቅቃትም ወይ ፍንክች አለች። እናቷ እትዬ ካሰች ይህን ሲሰሙ «ቁርጥ አባትሽን» ይሉና ወሬውን እዚያው ላይ ይተዉታል።

አባቷን የቀበሌ ጠባቂዎች አንድ ማለዳ ከቤት ወስደው አልመለሱትም። እናትና ልጅ በሱዳን በኩል የወጡት ከዚያ በኋላ ነው። ሎስ አንጀለስ ሲገቡ እትዬ ካሰች በፌርፋክስ ጎዳና ከተከፈቱት ጥቂት የሐበሻ ምግብ ቤቶች በአንዱ ወጥ ሠሪ ሆነው ተቀጠሩ፤ ኤልፍነሽም ቀን እየሠራች ማታ ማታ ኮሌጅ ትማር ጀመር።

እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1987 ጸደይ ላይ ኮሌጁ ተማሪዎችን ለግማሽ ዓመት ወደ ብሪታንያ ሊልክ እንደሆነ አስታወቀ፤ ወጣቶቹ እየሠሩ፣ በትርፍ ጊዜያቸው አገር የሚያዩበት ረጅም ዕረፍት መሆኑ ነው። ኤልፍነሽ ስኮትላንድ ውስጥ በባሕር ዳር ባለ ሆቴል ሥራ ደረሳት። እስከዚያን ቀን በሕይወቷ ያደረገችው ጉዞ ሁሉ ሽሽት ነበር፤ ደስ ስላላት ብቻ ልትሄድ ስትነሣ ይህ የመጀመሪያዋ ነው። የቀራት ነገር አንድ ብቻ ሆነ። ኮሌጁ የጉዞ መድን ሳይዝ ማንም አይሄድም ብሏል፤ በወሩ መጨረሻ ያላቀረበ ተማሪ ቦታው ለሌላ ይሰጣል።

ከምግብ ቤቱ በላይ ባለው ፎቅ አቶ ኅሩይ ቢሮ ነበራቸው። በተማሪነት ዘመን ከአዲስ አበባ መጥተው የቀሩ፣ ለሐበሻ ታክሲ ነጂዎች የመኪና መድን የሚሸጡ፣ የፌርፋክስ እድርም ዳኛ የሆኑ ሰው ናቸው። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ምግብ ቤቱ ጭር ባለበት ሰዓት ወረቀቱን ይዘው ወረዱና ጠረጴዛው ላይ ዘረጉላት።

«እዚች ጋ ሳይን አድርጊ። በቃ።»

ኤልፍነሽ ግን ብዕሩን አስቀምጣ ከመጀመሪያው መስመር ማንበብ ጀመረች። መሐል ላይ ስትደርስ ቆመች፤ ጮክ ብላም ተረጎመችው። መንገደኛው በጽኑ ቢታመም ወይም ቢሞት፣ ኩባንያው ወደተወለደበት አገር ይመልሰዋል ይላል።

እትዬ ካሰች እጃቸውን በሽርጣቸው እየጠረጉ ከወጥ ቤት ብቅ አሉ። «አቶ ኅሩይ፣ ሞት የሚለውን ምን አመጣው? ልጄ ገና ከቤት ሳትወጣ ያሟርቱባታል እንዴ?»

«እትዬ ካሰች፣ ታክሲ ነጂዎቹም እንዲሁ ይሉኛል። ኢንሹራንስ ግጭት ይጠራል ይላሉ።»

«ጋሼ፣ እኔ የተወለድኩት አዲስ አበባ ነው» አለች ኤልፍነሽ።

«ታዲያስ?»

«ታዲያማ ብታመም ለደርግ ሊያስረክቡኝ ነዋ።»

«ኤልፊ፣ ይሄ ለፈረንጅ ልጆች የተጻፈ ነው፤ ማንም አያነበውም። በሃያ ሁለት ዓመትሽ ምን ትሆኛለሽ?»

«ምንም የማልሆን ከሆነ ለምን ትሸጥልኛለህ?»

ጥግ ላይ ምሳውን ይበላ የነበረው ታክሲ ነጂው አበጋዝ ሳቀ። «አይዞሽ፣ ቦሌ ስትወርጂ ጓዶቹ አበባ ይዘው ይቀበሉሻል። ደግሞ ከሞትሽማ እኛም ብንሆን አዋጥተን የምንልክሽ እዚያው ነው።»

«የእድሩ ደንብ ነው» አሉ አቶ ኅሩይ። «አገር ቤት ሳናደርስ ማንንም አንተውም።»

«እኔን ማን ጠየቀኝ?» ኤልፍነሽ ድምጿን ከፍ አላደረገችም። «አባቴን የት እንደቀበሩት ላልነገሩኝ ሰዎች የኔን ሬሳ ማንም አይሰጣቸውም። ኩባንያውም፣ እናንተም።»

አበጋዝ ጉርሻውን እንደያዘ ቀረ። እትዬ ካሰች ስለ አባቷ በሰው ፊት ሲነሣ ወደ ወጥ ቤት የመመለስ ልማድ ነበራቸው፤ ያን ቀን ግን መጥተው ከልጃቸው ጀርባ ቆሙ።

«ሰርዢው» አሉ።

ሰረዘችው። በላዩም «ወደ ፌርፋክስ ጎዳና፣ ሎስ አንጀለስ» ብላ በጉልህ ጻፈች።

ኩባንያው የተሰረዘ አንቀበልም ብሎ ንጹሕ ወረቀት ላከ። እርሷም ያንኑ መስመር ዳግመኛ ሰረዘች። የወሩ መጨረሻ ቀረበ፤ አቶ ኅሩይ ተጨነቁ፤ አብረዋት የሚሄዱት የኮሌጁ ልጆች ሻንጣ መግዛት ጀምረዋል። ኤልፍነሽ ግን ፎቅ ወጥታ ከቢሯቸው ወንበር ላይ ተቀመጠች።

«ደውልላቸው፣ ጋሼ። እዚሁ እየሰማሁህ።»

አቶ ኅሩይ ደወሉ። በዚያ በተጣራ እንግሊዝኛቸው ይቅርታ እየጠየቁ ጀመሩ። ልጅቱ ትንሽ አስቸጋሪ ናት አሉ፤ ስደተኛ ናት አሉ፤ ለጊዜው የምትኖረው እዚህ ነው አሉ። ይኸኔ ኤልፍነሽ እጇን ዘርግታ የስልኩን አፍ ያዘች።

«ለጊዜው አትበል።»

አቶ ኅሩይ ፊቷን አዩ። ስለ ራሳቸው ሲጠየቁ ለዓመታት የመለሱት በዚችው ቃል ነበር፤ ለጊዜው ብለው የተከራዩትን ቤት ግድግዳ እንኳ አንድ ሥዕል ሳይሰቅሉበት ኖረዋል። እጇ ከስልኩ ላይ ሲነሣ ከወንበራቸው ተነሡ፤ ድምፃቸውም የሽማግሌ ድምፅ ሆነ።

«ቤቷ እዚህ ነው» አሉ። «እናቷ እዚህ ናት። የምትመለስበት ሌላ ቦታ የላትም። ይህን ያልጻፈ ወረቀት አትፈርምም፤ እኔም አላስፈርማትም።»

ከዚያ ወዲያ ብዙ አላወሩም፤ አዎ፣ አዎ እያሉ ቆይተው ዘጉት። በቀነ ገደቡ ዋዜማ ከኩባንያው አንዲት ተጨማሪ ገጽ ደረሰች፤ አቶ ኅሩይም ይዘዋት ወደ ምግብ ቤቱ ወረዱ። ኤልፍነሽ ብትታመም ወይም ብትሞት የምትመለሰው ወደ ሎስ አንጀለስ መሆኑን ትገልጻለች። ያችን ገጽ ወጥ ቤቱ በር ላይ ቆማ ለእናቷ አነበበችላቸው።

«ሞት የሚለውን ዝለዪው» አሉ እትዬ ካሰች።

ዘለለችውና ፈረመች።

«አሁን ደግሞ ወፍረሽ ነይ። የሚመልሱት በሽተኛ እንዳያገኙ።»

አቶ ኅሩይ ወረቀቱን አጥፈው ኪሳቸው ሲከቱ ኤልፍነሽ እጇን አገጯ ሥር አድርጋ ተመለከተቻቸው። «ጋሼ፣ የእድሩስ ደንብ?»

«የእድሩ ምን?»

«እሱም ይሰረዛል። ስመለስ ስብሰባችሁ ላይ እመጣለሁ።»

ያን ቀንም ጥጉን ይዞ የተቀመጠው አበጋዝ ራሱን ነቀነቀ። «ጋሼ ኅሩይ፣ ኩባንያውን ለምናቸውና እዚያው ያቆዩልን።»

«አያቆዩኝም» አለች ኤልፍነሽ፤ ቦርሳዋን አንሥታ ወደ ፓርኪንግ ሥራዋ ስትወጣ። «ተፈርሟል።»