ሦስት ጊዜ ብቻ

አስቸኳይ ጊዜ አዋጁ የታወጀ ሰሞን ነው። ደሴ፣ ቧንቧ ውሃ ሰፈር ባለው ኢንተርኔት ቤት ውስጥ አጠገቤ የተቀመጠው ሰው አረንጓዴ ጃኬቱን እስከ አገጩ ቆልፏል። በሩ በተከፈተ ቁጥር ትንፋሹን ይይዛል።

«እህቴ፣ ላስቸግርሽ» አለኝ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ፎቶ አንሺ ነኝ፤ ይሄ የሥራዎቼ ድረ ገጽ ነው። የዓምናውን የተቃውሞ ሰልፍ ፎቶ ፈልጊልኝ። ስንት ጊዜ ተጭነሽ እንደምታገኚው ልይ።»

ሰርጉን፣ ጥምቀቱን፣ የሐይቁን ጀልባ እያለፍኩ ወረድኩ። እሱ በጣቶቹ ይቆጥራል።

«አገኘሁት! እንዴት ቀላል ነው! የሠራልህ ሰው ጎበዝ ነው» አልኩት፣ ደስ ይበለው ብዬ።

«ሦስት ጊዜ ብቻ?» ጣቶቹ እንደተዘረጉ ቀሩ።

«ካልፈለግከው ለምን አታጠፋውም?»

«ፓስወርዱ ያለው የሠራልኝ ጓደኛዬ ጋ ነው። እሱን ማክሰኞ ወሰዱት።»

ከሰልፉ ፎቶ ሥር የፎቶ አንሺው የራሱ ምስል ከላይ ወደ ታች ቀስ እያለ መከፈት ጀመረ። መጀመሪያ ፀጉሩ መጣ፤ ከዚያ ሳቁ፤ ከሳቁ ሥር አረንጓዴው ጃኬት።

ተነሣ። ጃኬቱን አውልቆ ወንበሩ ላይ ተወውና በዚያ በደሴ ብርድ በሸሚዝ ወጣ።