አዴር ያስያዘኝ ቁጥር

ባለፈው ሳምንት ቅመም ልገዛ ቀፊራ ገበያ ወጥቼ፣ አንዱ ሱቅ ደጃፍ ላይ ጣት ላይ የሚጠለቅ፣ በተጫኑት ቁጥር አንድ የሚጨምር የዚክር መቁጠሪያ አየሁና ቆሜ ቀረሁ። ባለሱቁ «እሱ መሳሳት አያውቅም፣ እህቴ!» ሲለኝ ገዛሁት።

የአባቴ ታላቅ ወንድም አዴር፣ ሳቢያን ሰፈር ቤታችን በር ላይ፣ አሱር ሰግዶ ሙቀቱ በረድ ሲል ምንጣፉን ዘርግቶ መቶ ጊዜ «አስተግፊሩላህ» እያለ ምሕረት ይለምን ነበር። መቁጠሪያ አይዝም፤ «ጣቶቼ ቂያማ ቀን ይመስክሩልኝ» እያለ በጣቶቹ አንጓ ነበር የሚቆጥረው። ችግሩ የድሬ ሰው ሳይጨብጥ አያልፍም! አንዱ በሶማሊኛ፣ ሌላው በኦሮምኛ፣ ከነቤተሰቡ ከነግመሉ ደህንነቱን እየጠየቀ እጁን ሲወዘውዘው ቁጥሩ እዚያው ይጠፋል። ስለዚህ እጁን ከመዘርጋቱ በፊት ወደ እኔ ዞር ብሎ «አርባ ሁለት፤ ያዢልኝ» ይለኛል። እኔ የሰባት ዓመቷ ልጅ ከንፈሬን ገጥሜ፣ አርባ ሁለትን እንደ እንቁላል ተጠንቅቄ ይዤ እቀመጣለሁ። ከዚያ ወዲህ እንደዚያ የታመንኩበት ሥራ ትዝ አይለኝም።

አንድ ቀን ግን ከጅቡቲ የመጣ ወዳጁ ወሬው አላልቅ አለ፤ የጎረቤት ልጆች ማንጎ ሲያራግፉ አይቼ ሮጥኩ። ስመለስ አዴር «ስንት ላይ ነበርን?» አለኝ። ወላሂ ጭንቅላቴ ባዶ! «ሰማንያ» አልኩት። «አላህ ይባርክሽ» ብሎ ከሰማንያ ቀጠለ።

ምሕረት ሲለምን ቁጥሩን አጉድዬበት ከሆነ ወንጀሉ የማን ነው? ጣቶቹ ሲመሰክሩ የእኔን ስም ይጠሩ ይሆን? ልነግረው ስል እያፈርኩ፣ ልተወው ስል እየከነከነኝ፣ ግራ እንደገባኝ አርባ ዓመት አለፈ።

አሁን አዴር ይረሳል፤ አንዳንዴ በእናቴ ስም ይጠራኛል። የገዛሁትን መቁጠሪያ ጣቱ ላይ ባጠልቅለት ገልበጥ አድርጎ አየውና አውልቆ መለሰልኝ፤ በአንጓው ጀመረ። ወዲያው ጎረቤት ገብቶ ጨበጠው፣ ጥቂት አውርቶም ወጣ። አዴር ወደ እኔ ዞረ፤ «ስንት ላይ ነበርን?»

ምንም ቁጥር አላስያዘኝም። የዛሬውን ይጠይቀኝ የያኔውን አላወቅኩም።

«ጠፍቶብኛል፣ አዴር። ያኔም ጠፍቶብኝ ነው ሰማንያ ያልኩህ። ዋሽቼህ ነበር» አልኩት፤ እንባዬ መጣ።

እጄን ስቦ አውራ ጣቱን የትንሿ ጣቴ አንጓ ላይ አሳረፈ። «ታዲያ ምን ችግር አለው፣ ከአንድ እንጀምራ» አለኝ።

ሰምቶ ይቅር ብሎኝ ይሁን፣ ይቅር የሚለኝ አዴር ሳልነግረው ሄዶብኝ ይሁን፣ አሁንም አላውቅም። «አስተግፊሩላህ» አለ፤ እኔም ተከትዬ አልኩ። አንድ።