ዘጠኝ ሰዓት ብቻ ነው

«ዓለም አንድ መንደር ሆናለች» እያሉ የሚሰብኩን ሰዎች እናታቸው የምትኖረው ከእነሱ ሦስተኛው ቤት ሳይሆን አይቀርም። የዚህን ታሪክ ቀለም ቀቢ ግን ከእናቱ ባሕርና በረሃ ይለየዋል። ለዓመታት በባዕድ ከተማ የሰው ግድግዳ ሲያስውብ፣ የራሱን ክፍል እርጥበት በልቶታል። እናቱ በስልክ ባገኘችው ቁጥር «ዓይንህን ሳላይ እንዳልሞት» ትለዋለች፤ እሱም «የያዝኩትን ሕንፃ ልጨርስና» ይላል። ሕንፃ ደግሞ አያልቅም፤ የሚያልቀው እናት ነው።

አንድ ቀን መሰላል ላይ እንዳለ ታናሽ እህቱ ደወለች። መናገር አቅቷት ስልኩን ለባሏ ሰጠችው። ይህ ሰው ስልኩ ላይ ያነበበውን ሁሉ እንደ ወንጌል ስለሚያውጅ ሰፈሩ «ሊቁ» ይለዋል።

«እናታችን አርፋለች፤ በርታ» አለ ሊቁ። «በአውሮፕላን ዘጠኝ ሰዓት ብቻ ነው፣ አይቼዋለሁ። ማታ ተነሥተህ ጠዋት እዚህ ነህ። ቀብሩን ነገ ስምንት ሰዓት ብለናል።»

የሁለቱን ከተሞች ርቀት በማስመሪያ ለክቶ ለአውሮፕላን ፍጥነት ያካፈለ ድረ ገጽ ነው እንዲህ ያለው። በዚያ መስመር የሚበር አውሮፕላን ይኑር አይኑር ድረ ገጹም አልጠየቀ፣ ሊቁም አልጠየቀ።

ቀለም ቀቢው በሥራ ልብሱ ቲኬት ቢሮ ሮጠ።

«ቀጥታ በረራ የለም» አለችው ሻጯ። «ሁለት ቦታ ወርደው ይቀይራሉ። ከነገ ወዲያ ማለዳ ይደርሳሉ።»

«ኢንተርኔቱ ዘጠኝ ሰዓት ይላል።»

«እሱማ ወፍ ከሆኑ ነው።»

እዚያው ቆሞ ደወለ። ሊቁ ሳቅ እንደማለት አለ፤ «ወንድሜ፣ ሸውዳህ ነው። እዚህ ተጽፏል እኮ!»

«እህቴን አቅርብልኝ» አለ። እሷ ስልኩን ስትቀበል፣ «እባክሽ ቀብሩን አንድ ቀን ግፉልኝ። ፊቷን ብቻ ልይ።»

«ጋሼ፣ የሬሳ ቤቱ ማቀዝቀዣ ተበላሽቷል። በዚህ ሙቀት እማዬን…» አልጨረሰችውም።

እንደማይደርስ እያወቀ ተሳፈረ። ምን ያድርግ? ቢቀር ይባስ ነው።

በማግስቱ ሁለተኛው አውሮፕላን ውስጥ እንደተቀመጠ ስልኩ ጠራ። እህቱ ቀብሩን በምስል ልታሳየው ነው፤ ከሰው ትከሻ በቀር ግን የሚታይ የለም።

«ታያለህ፣ ጋሼ?»

«ጠጋ በይ።»

ጠጋ አለች። የሳጥኑ ጫፍ ብቅ አለ። ከጎን ሊቁ ለቀስተኛውን «ኧረ ደርሷል፣ አየር ማረፊያ ነው» ሲል ይሰማል፤ ሐሰተኛ ሆኖ መገኘት ከሞት ይከብደዋልና።

አስተናጋጇ ጎንበስ አለች። «ይቅርታ፣ ስልክዎን ይዝጉልን። ልንነሣ ነው።»

«አንድ ጊዜ ብቻ… እናቴን እየቀበሩ ነው።»

አስተናጋጇ ወደ ኋላ ዞራ መተላለፊያውን ተመለከተች፤ የአውሮፕላኑ በር ተዘግቷል። «አዝናለሁ፣ ጌታዬ» አለች ቀስ ብላ።

የመጀመሪያው አፈር ሳጥኑ ላይ ሲወርድ ሰማ። ስልኩን ዘጋ። ቀበቶውን ግን ረሳው፤ አስተናጋጇ አሰረችለት።