ቀጭን ጎማና ስድስት ትሪ እንቁላል

ሰፈሩ ውስጥ በስሙ የሚጠራው የለም፤ ሁሉም «ቀስ በል» ነው የሚሉት። እንቁላል አመላላሽ ስለሆነ አጠገቡ ሰው ካስነጠሰ እንኳን «ኧረ ቀስ በል!» ይላል። ወፍራም ጎማ ባላት ሳይክል፣ ኋላዋ ላይ ስድስት ትሪ አስሮ፣ ላም እንደሚነዳ ሰው እየተንቀራፈፈ ሃያ ዓመት ኖረ።

አንድ ቀን ትልቋ ደንበኛው ኬክ ጋጋሪዋ፣ «ስማኝ ወንድሜ፣ ከነገ ጀምሮ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት በፊት ካልደረስክ በሞተር የሚያመላልሰውን ልጅ ነው የምይዘው» አለችው።

ወሬውን ለሚስቱ ወንድም ነገረው። እሱ ሳይክል ጠጋኝ ነው።

«ችግርህ ውፍረት ነው» አለው። «ቀጭን ጎማ ልግጠምልህ፣ ትበራለህ።»

ሚስቱ ሰምታ፣ «ቦርጩን ትቶ ጎማውን ያቀጥናል» አለች።

ጠጋኙ ሁለቱንም ጎማ ቀየረና ድንጋይ እስኪሆኑ ነፋቸው።

በማግስቱ አስፋልቱ ላይ እውነትም በረረ። ያባረረው ውሻ እንኳን ተስፋ ቆርጦ ቁጭ አለ። ኮብልስቶኑ ላይ ሲወጣ ግን ጥርሱ መንቀጫቀጭ ጀመረ። ጎረቤቱን «እን-እን-እንደምን አ-አ-አደርክ» ብሎ አለፈ።

ለሁለት ሩብ ጉዳይ ላይ ደረሰ። ከትሪው ቢጫ ነገር ይንጠባጠባል።

«እትዬ፣ በሰዓቱ መጥቻለሁ።»

«መጥተሃል። ግን እንቁላሉን የምመታው እኔ ነበርኩ፤ አንተ መትተህ አመጣህልኝ። በል ነገ የመጨረሻ ዕድልህ ነው።»

በንዴት ጠጋኙ ጋ ሄደ።

«ቀጭን ጎማ እኮ እያንዳንዷን ጠጠር ነው የሚነግርህ» አለ ጠጋኙ። «ወፍራሙ ውጦ ዝም ይላል።»

«ታዲያ ትናንት ለምን አልነገርከኝም?»

«ትናንት የጠየቅከኝ ስለ ፍጥነት ነዋ።»

ሚስቱ ለወንድሟ ምሳ ልታደርስ መጥታ ነበር። «እንቁላሉ የሚቀመጠው ኋላ አይደል? የኋላውን ወፍራም፣ የፊቱን ቀጭን አታደርጉትም?» አለች።

ሁለቱም ሳቁባት። ከዚያ ተያዩና መፍቻ አነሱ።

ሳይክሏ ከፊት ፍየል፣ ከኋላ ላም መሰለች። በማግስቱ ኮብልስቶኑ እጁን እስከ ትከሻው አደነዘዘው፤ ኋላው ላይ ግን እንቁላሎቹ እንቅልፋቸውን ይለጥጣሉ። ለሁለት አምስት ጉዳይ ላይ ደረሰ።

ጋጋሪዋ ትሪዎቹን አንድ በአንድ ገለጠች። የተሰነጠቀው አንድ ብቻ ነው።

«ነገም አምጣ» አለችና እጇን ዘረጋችለት።

እጁ ገና እንደደነዘዘ ስለነበር አልታዘዝ አለው። ግንባሩን ዝቅ አድርጎ መዳፏ ላይ አሳረፈና በእሱ ሰላም አላት።